በቡድን የኪሮሽ ብርድ ልብስ መሥራት፦ የአሥር ሰው ካሬ እኩል የሚወጣበት መንገድ

በኪሮሽ ቡድን ውስጥ የቆየ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንዷ ትነሳና «ሁላችንም ካሬ ካሬ ሠርተን አንድ ትልቅ ብርድ ልብስ እናውጣ» ትላለች። ሁሉም ደስ ብሎት ይስማማል። ከሁለት ወር በኋላ ካሬዎቹ መሬት ላይ ሲዘረጉ ቤቱ ጸጥ ይላል። አንዱ የመዳፍ ያህል፣ ሌላው የሳህን ያህል ነው።

የእኛም የመጀመሪያ ሥራ እንዲሁ ነበር። ከ9 ሰው 64 ካሬ ሰበሰብን። ትንሹ 10 ሳንቲሜትር፣ ትልቁ 14። «ስንሰፋው ይስተካከላል» ብለን ቀጠልን። ሲያልቅ መሃሉ እንደ ጆንያ ተጨማዶ፣ ጠርዙ እንደ ቀሚስ ጫፍ ተንዘረፈፈ። ሙሉውን ፈታነው።

ጉዱ የሚታየው በመገጣጠሚያው ቀን ነው። የሚሠራው ግን በመጀመሪያው ስብሰባ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ላይ ረዘም እላለሁ፤ እባካችሁ አትዝለሉት።

እዚህ የምንሠራው 80 ካሬ ነው። ወርዱ 8፣ ቁመቱ 10 ካሬ። እያንዳንዱ ካሬ 12 ሳንቲሜትር ከሆነ ጠርዙን ሳይጨምር 96 በ120 ሳንቲሜትር ይሆናል። አሥር ሰው ካላችሁ ለአንድ ሰው 8 ካሬ ይደርሳል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ በቃል ተስማሙ

ይህ ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ነው። የአሜሪካና የእንግሊዝ መመሪያዎች ለአንድ ስፌት የተለያየ ስም ይሰጣሉ። አሜሪካኖች «ደብል ክሮሼ» የሚሉትን እንግሊዞች «ትሬብል» ይሉታል። የአሜሪካኖቹ «ሲንግል ክሮሼ» ደግሞ ለእንግሊዞች «ደብል» ነው። አንዷ ከአንዱ ቪዲዮ፣ ሌላዋ ከሌላው ከተማረች ሁለቱም «ደብል ሠራሁ» ብለው ቁመቱ ግማሽ በግማሽ የሚለያይ ሥራ ይዘው ይመጣሉ።

በስም አትከራከሩ። በእጅ አሳዩ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቀምባቸው አራት ቃላት እነዚህ ናቸው፦

- ሰንሰለት፦ ክሩን በኪሮሹ ይዛችሁ ባለው ቀለበት ውስጥ ስባችሁ ማውጣት።
- ማያያዣ፦ ኪሮሹን አስገብታችሁ ክሩን በሁሉም ውስጥ በአንዴ ስባችሁ ማውጣት። ቁመት የለውም።
- አጭር ስፌት፦ ኪሮሹን አስገብታችሁ ክር ስታወጡ ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ይሆናል። ክር ይዛችሁ በሁለቱም በአንዴ ታሳልፋላችሁ።
- ረጅም ስፌት፦ አስቀድማችሁ ክሩን አንዴ ኪሮሹ ላይ ትጠመጥማላችሁ። አስገብታችሁ ስታወጡ ሦስት ቀለበት ይሆናል። ክር ይዛችሁ በሁለቱ ታሳልፋላችሁ፤ እንደገና ይዛችሁ በቀሩት ሁለት።

አንድ ቦታ የሚሠሩ ሦስት ረጅም ስፌቶችን «ዘለላ» እላቸዋለሁ።

ግራኝ አባል ካላችሁ ከጎኗ ሳይሆን ፊት ለፊቷ ተቀመጡና አሳዩአት። ልክ እንደ መስታወት ትከተላችኋለች። ዙሯ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ካሬዋ ግን ከሌላው ጋር ያለ ችግር ይገጥማል።

ደረጃ 2፦ ክሩን አንድ ሰው ይግዛ

«ሁሉም ቤቱ ያለውን ክር ያምጣ» የሚለው ሐሳብ ልብ ያሞቃል፤ ብርድ ልብሱን ግን ያበላሻል። ሱፍና አክሪሊክ አንድ ላይ አይታጠቡም። ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሸት ይጠብቃል፣ ይኮማተራል። አክሪሊክ ባለበት ይቆያል። አንድ ጊዜ ከታጠበ በኋላ የሱፉ ካሬዎች ጎረቤቶቻቸውን ይጎትቷቸዋል።

1. አንድ ዓይነት ክር ምረጡ። ለጋራ ሥራ አክሪሊክ ይሻላል፤ እጥበት ይችላል። መጠቅለያ ወረቀቱ ላይ 4 ሚሊሜትር ኪሮሽ የሚል መካከለኛ ውፍረት ያለው ይሁን።
2. ወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ቁጥር አጠገብ ሌላ ቁጥር አለ። አብረው የተነከሩ ክሮችን የሚለይ ነው። ለአንድ ቀለም ይህ ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። በመደብሩ መብራት አንድ የሚመስሉ ሁለት ነጮች በቀን ብርሃን አንዱ ወተት፣ ሌላው ቅቤ መስለው ይወጣሉ።
3. ደማቅ ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር ካላችሁ ፈትኗቸው። ቁራጭ ክር አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ጨምቁ። ጨርቁ ከቀለመ ያንን ክር ከነጭ ጋር አታጣምሩ።
4. የመጨረሻው ዙር በሁሉም ካሬ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ይሁን። መገጣጠሚያውም ጠርዙም በዚያው ቀለም ይሠራል። ትንሽ ግድፈት ቢኖር ይደብቃል።

ኪሮሹን በሚሊሜትር ብቻ ተነጋገሩ። 4 ሚሊሜትር በአሜሪካ አቆጣጠር «ጂ» ሲባል በድሮው የእንግሊዝ ቁጥር 8 ነው። «ስምንት ቁጥር አለኝ» ያለችው አባል ምን እንደያዘች ሳታዩ አትመኗት።

ደረጃ 3፦ ናሙናውን ሥሩ፣ መዝኑ፣ እጠቡ

እጁ መካከለኛ የሆነ፣ ማለትም ክሩን የማያጠብቅም የማያላላም ሰው ናሙናውን ይሥራ። አሠራሩ ደረጃ 5 ላይ አለ። በመካከለኛ ክርና በ4 ሚሊሜትር ኪሮሽ 5 ዙር ሲሠራ ወደ 12 ሳንቲሜትር ይጠጋል።

ናሙናውን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። 9 ግራም ቢመዝን 80 ካሬ 720 ግራም ይፈጃል ማለት ነው። ለአንድ ሰው 8 ካሬ 72 ግራም ይሆናል፤ እየፈቱ መሥራት ስለማይቀር 80 ግራም ስጡ። ለመገጣጠሚያና ለጠርዝ ከመጨረሻው ቀለም ቢያንስ 100 ግራም ለይታችሁ ደብቁ። «ደብቁ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ክር ያለቀበት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው።

ከዚያ ናሙናውን ብርድ ልብሱ ወደፊት በሚታጠብበት መንገድ እጠቡትና አድርቁት። እንደገና ለኩት። ልኩ ከተቀየረ ሐሳብ ለመለወጥ ጊዜው አሁን ነው።

ሁሉም ደህና ከሆነ በካርቶን 12 በ12 ሳንቲሜትር ካሬ ቁረጡ። በአባላቱ ቁጥር ልክ ይሁን። ሜትር ይለጠጣል፣ ሰውም ሲለካ ለራሱ ያዳላል። ካርቶን አያዳላም።

ደረጃ 4፦ በመጀመሪያው ስብሰባ ሁሉም አንድ ካሬ ጨርሶ ይሂድ

ክር አከፋፍላችሁ አትበተኑ። እያንዳንዱ አባል እዚያው ተቀምጦ አንድ ካሬ ይጨርስ። ልምድ ያለው ቶሎ ይጨርሳል፤ ጀማሪ ሙሉውን ስብሰባ ሊፈጅ ይችላል፤ ይሁን። ከዚያ ካርቶኑ ላይ አስቀምጡት።

- ካርቶኑ ከዳር ከታየ እጇ አጥባቂ ነው። 4.5 ሚሊሜትር ኪሮሽ ስጧት።
- ካሬው ካርቶኑን ካለፈ እጇ የላላ ነው። 3.5 ስጧት።
- ልክ ከሆነ በ4 ትቀጥል።

«ትንሽ ላላ አድርጊው» ብላችሁ አትለፉ። ሰው ለሁለት ዙር ያስታውስና ወደ ልማዱ ይመለሳል። ኪሮሹን መቀየር እጅን ከመቀየር ይቀላል። ከተቀየረ በኋላ ሁለተኛ ካሬ ሠርታ ታሳያችሁ፤ እሱ ሲያልፍ ክሩን ስጧት። የኪሮሹን ቁጥር በስሟ ጻፉ። በመሃል ኪሮሽ ጠፍቶባት ሌላ የምትዋስ አትጠፋም።

ለእያንዳንዱ በፌስታል የምትሰጡት፦ የተመዘነ ክር፣ ካርቶን፣ የኪሮሹ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት፣ የመመለሻው ቀን። ፈጣን እጅ ካላቸው ሁለት ሰዎች 3፣ 3 ትርፍ ካሬ ጠይቁ። ከአሥር ሰው አንዱ ጥቂት ካሬ እንደሚያጎድል አስባችሁ ብትነሱ አትጎዱም።

ደረጃ 5፦ ካሬው

1. መነሻ። 15 ሳንቲሜትር ጭራ ትታችሁ 4 ሰንሰለት ሥሩ። የመጀመሪያውን ሰንሰለት ወግታችሁ በማያያዣ ቀለበት አድርጉት። በክር ቀለበት መጀመር የምትወዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለቡድን ሥራ አልመክረውም፤ ጭራው በደንብ ካልተደበቀ መሃሉ ተከፍቶ ይቀራል።
2. ዙር 1። 3 ሰንሰለት ሥሩ፤ እንደ አንድ ረጅም ስፌት ይቆጠራል። ቀለበቱ ውስጥ 2 ረጅም ጨምሩ። ከዚያ «2 ሰንሰለት፣ 3 ረጅም» ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ 2 ሰንሰለት ሥሩና በመነሻው ሦስተኛ ሰንሰለት ላይ በማያያዣ ዝጉ። 4 ዘለላ፣ 4 ማዕዘን አገኛችሁ።
3. ዙር 2። በማያያዣ እየተራመዳችሁ ወደ ማዕዘኑ ክፍተት ሂዱ። እዚያው 3 ሰንሰለት፣ 2 ረጅም፣ 2 ሰንሰለት፣ 3 ረጅም ሥሩ። 1 ሰንሰለት። በየማዕዘኑ «3 ረጅም፣ 2 ሰንሰለት፣ 3 ረጅም» እያደረጋችሁ፣ በመካከል 1 ሰንሰለት እየተዋችሁ ዙሩን ዝጉ። 8 ዘለላ።
4. ዙር 3። ማዕዘኖቹ እንደ በፊቱ ናቸው። በጎኖቹ ላይ ደግሞ ባለው ክፍተት ሁሉ አንድ አንድ ዘለላ ይገባል። በዘለላና በዘለላ መካከል ሁልጊዜ 1 ሰንሰለት። 12 ዘለላ።
5. ዙር 4 እና 5። ያንኑ ድገሙ። በዙር 4 መጨረሻ 16፣ በዙር 5 መጨረሻ 20 ዘለላ ይኖራል።
6. መዝጊያ። ክሩን 15 ሳንቲሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ በመጨረሻው ቀለበት አውጥታችሁ አጥብቁ።

አንድ የመቆጣጠሪያ ዘዴ ያዙ፦ የዙሩ ቁጥር ስንት ከሆነ በአንድ ጎን ያለው ዘለላም ያንኑ ያህል ነው። ዙር 3 ላይ በእያንዳንዱ ጎን 3 ዘለላ፣ ዙር 5 ላይ 5። ዙር በዘጋችሁ ቁጥር አራቱንም ጎን ቁጠሩ። አሥር ሰከንድ ነው።

*ጭራውን ስለ መደበቅ።* ቋጥሮ መቁረጥ ክልክል ነው። ቋጠሮ በእጥበት ይፈታል፤ ካሬው ከመሃል ይተረተራል። ጭራውን ጫፉ በደነዘ ወፍራም መርፌ አስገቡ። በስፌቶቹ ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ 3 ሳንቲሜትር ያህል ሂዱ፣ ተመለሱ፣ አንዴ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሂዱ። ከዚያ ቁረጡ። ጭራው ሳይደበቅ የመጣ ካሬ አትቀበሉ። አንድ ዓመት እሺ ብለን 160 ጭራ የደበቅነው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አይደገምም።

ካሬው እንቢ ሲል

*እንደ ጎድጓዳ ሳህን ከተነሳ፦* በማዕዘን 2 ሰንሰለት መሥራት ረስታችኋል፣ ወይም ሰንሰለቶቹን አጥብቃችኋል። ማዕዘኖቹን ቁጠሩ፤ የጎደለበት ዙር ድረስ ፍቱ።

*ጠርዙ ከተንዘረፈፈ፦* ዘለላ በዝቷል። ብዙ ጊዜ አንድ ክፍተት ውስጥ ሁለት ገብቶ ነው።

*ሦስት ማዕዘን ብቻ ካለው፦* አትሳቁ፤ ይደርሳል። ዙር 1 ላይ ሦስት ጊዜ መደገሙ ቀርቶ ሁለቴ ሆኗል። እስከ መነሻው ይፈታል።

*ወደ አንድ ጎን ከተጠማዘዘ፦* ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫና ከአንድ ቦታ ሲሠራ ይመጣል። በየዙሩ ቀለም የምትቀይሩ ከሆነ አዲሱን ቀለም በየጊዜው በሌላ ማዕዘን ጀምሩ። አንድ ቀለም ከሆነ ትንሹን ጥምዘዛ ተዉት፤ ደረጃ 7 ላይ ይቃናል።

*ቢቆጠር ልክ፣ ቢለካ ግን ትንሽ ከሆነ፦* አንድ ተጨማሪ ዘለላ ዙር አትጨምሩ፤ ካሬውን በአንዴ 2 ሳንቲሜትር ያህል ያሳድገዋል። ይልቅ አንድ ዙር አጭር ስፌት ዙሩበት፤ በእያንዳንዱ ስፌት አንድ፣ በማዕዘን ደግሞ 1 አጭር፣ 2 ሰንሰለት፣ 1 አጭር። አንድ ሳንቲሜትር ያህል ያተርፋል።

*ትልቅ ከሆነ፦* የመጨረሻውን ዙር ፍቱና በግማሽ ሚሊሜትር ባነሰ ኪሮሽ ሥሩት። ካልበቃ አንድ ዙር ወደ ኋላ።

ደረጃ 6፦ በመሃል ተረከቡ

የመመለሻውን ቀን አትጠብቁ። በግማሹ ጊዜ ሁሉም የሠራውን ይዞ ይምጣ። ካሬዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ቆልሉ። ከቁልሉ ወጣ ያለው ወዲያው ይታያል። መለኪያው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አይሁን፤ ማዕዘን ይለጠጣል። ከአንዱ ጎን መሃል ወደ ተቃራኒው ጎን መሃል ለኩ። ከ12 ሳንቲሜትር በግማሽ ሳንቲሜትር ውስጥ ያለ ሁሉ ያልፋል።

የማያልፍ ካሬ ሲመጣ ምን ማለት እንዳለባችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። እኛ «ይህ ለትራስ ይሆናል» እንላለን፤ እውነትም ያልገጠሙትን ሰብስበን ትራስ እንሸፍንባቸዋለን። ማንም አይከፋውም።

ደረጃ 7፦ መወጠር

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ መዝለል ይወዳል። አትዝለሉት። ካርቶኑን ወፍራም ስፖንጅ ወይም አሮጌ ፍራሽ ላይ አድርጋችሁ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩ። ካሬውን መስመሩ ላይ ወጥራችሁ በማይዝግ እስፒል ያዙ፤ አራት በማዕዘን፣ አራት በጎን መሃል።

አክሪሊክ ከሆነ የእንፋሎት ካውያን ከላዩ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ያህል አንሳፉና እንፋሎቱን ብቻ ልቀቁ። ካውያው ክሩን ፈጽሞ አይንካ። አክሪሊክ ሲቀልጥ ይልሞሰሞሳል፣ ያብለጨልጫል፣ ወደ ቀድሞውም አይመለስም። ሱፍ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጨምቁ፣ ወጥራችሁ አድርቁ። እስፒሉን የምታወጡት ፍጹም ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ብቻ ነው። ስታወጡ ቁጠሩ። አንድ የጠፋ እስፒል ብርድ ልብስ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም።

ደረጃ 8፦ መደርደርና ምልክት ማድረግ

ካሬዎቹን መሬት ላይ 8 በ10 ዘርጉ። ሁሉም በፊት ገጹ ወደ ላይ ይሁን። አንድ ዓይነት መሃል ያላቸው አጠገብ ለአጠገብ እንዳይሆኑ አቀያይሩ። በስልክ ፎቶ አንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ጨለማው አንድ ጥግ ከተከማቸ እዚያ ላይ ይታያችኋል።

ክርክሩ በአንድ ሰዓት ካላለቀ ሰብሳቢዋ ትወስን። ከዚያ የመጨረሻውን ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን ተርታ ከግራ ወደ ቀኝ ሰብስባችሁ፣ የተርታውን ቁጥር ባለ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ አያይዙ።

ደረጃ 9፦ መገጣጠም

በኪሮሽ ማያያዝ ይፈጥናል፤ ግን እጅ ሳያስበው ያጠብቃል። በመርፌ መስፋት ዝግ ቢልም ጠፍጣፋ ይወጣል። እኔ መርፌ እላለሁ።

1. አምስት ሰው ሁለት ሁለት ተርታ ይውሰድ፦ 1 እና 2፣ 3 እና 4፣ እያለ እስከ 10።
2. ክሩን ከ1.5 ሜትር አታስበልጡ። የሚረዝመው ይወሳሰባል። ጠቅላላው ስፌት 17 ሜትር ያህል ነው፤ ክሩ የዚያን ሦስት እጥፍ ይፈጃል።
3. ሁለት ካሬ ጎን ለጎን አስተኙ። መጀመሪያ ማዕዘንን ከማዕዘን አያይዙ። በማዕዘኖቹ መካከል በእያንዳንዱ ጎን 15 ረጅም ስፌትና 4 ሰንሰለት፣ በድምሩ 19 አለ። አንዱን ከአንዱ አገጣጥሙ፤ የየስፌቱን የውጭ ክር ብቻ እየያዛችሁ። አጭር ስፌት የተዞረባቸውም ዙሩን በእያንዳንዱ ስፌት ከሠራችሁ እነዚያኑ 19 ይሰጧችኋል፤ ከማዕዘኑ የሚተርፈውን እዚያው ማዕዘን ላይ አብራችሁ ስፉ።
4. ሁለት ካሬ በጨረሳችሁ ቁጥር መገጣጠሚያውን በሁለት እጅ ሳቡ። ክሩ ካሬውን ከያዘው ጠብቋል፤ አላሉት።
5. ክር ሲያልቅ ጎን መሃል ላይ ይለቅ። ማዕዘን ላይ አዲስ ክር አትቀጥሉ፤ አራት ካሬ የሚገናኝበት ቦታ መጀመሪያ የሚላላው እሱ ነው።
6. አምስቱ ጥንዶች ሲያልቁ እርስ በርስ ይሰፋሉ። አግድሞቹ 9 ስፌቶች ያኔ ያልቃሉ።
7. ቀሪዎቹን ቁልቁል የሚሄዱ 7 ስፌቶች ሁለት ሰው ብቻ ይሥራ። አሁን ሁሉም አንድ ጨርቅ ሆኗል፤ ብዙ እጅ ሲጎትተው ይንጋደዳል።

*በመጨረሻ አንዱ ጎን ከተረፈ፦* ማዕዘን ዘላችኋል። ጥርጣሬ ሳይገባችሁ እስከ መጨረሻው ትክክለኛ ማዕዘን ፍቱ። ጨምድዶ ማስገባት አያዋጣም፤ ልምዳችንን ከላይ ነግሬአችኋለሁ።

ደረጃ 10፦ ጠርዝ

አንድ ሰው ብቻ ይሥራው። ሦስት ዙር አጭር ስፌት ይበቃል። በየስፌቱ አንድ፣ በአራቱ የብርድ ልብሱ ማዕዘኖች ሦስት ሦስት። ካሬና ካሬ የሚገናኙበት ላይ ሁለቱን የማዕዘን ክፍተቶች አንድ አንድ አድርጉባቸው።

የመጀመሪያውን ዙር ስትጨርሱ መሬት ላይ አንጥፉት። ጠርዙ ከተንዘረፈፈ በየመገጣጠሚያው አንድ ስፌት ቀንሱ። ወደ ውስጥ ከጎተተ ኪሮሹን በግማሽ ሚሊሜትር አሳድጉ። ሁለተኛውን ዙር ከዚያ በፊት አትጀምሩ።

ብርድ ልብሱ ለሕፃን ከሆነ ዘርፍና ቁልፍ አይኑረው። ይህ ካሬ ክፍተት ስላለው የሕፃን ጣት ይይዛል። ለሕፃን ክፍተት የሌለው ካሬ ምረጡ።

ደረጃ 11፦ ከማስረከብ በፊት

በጀርባው በኩል ሁሉንም መገጣጠሚያ በጣት ዳብሱ። በመስኮት ብርሃን ፊት ለፊት አንሱት፤ ያመለጠ ስፌት ካለ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። አንዴ እጠቡትና አንጥፋችሁ አድርቁ። ገመድ ላይ አትስቀሉት፤ ውሃው ሲከብድ ቁመቱን ይጎትተዋል።

ለተቀባዩ ሦስት ነገር አብራችሁ ስጡ፦ የክሩን መጠቅለያ ወረቀት፣ ከመጨረሻው ቀለም አንድ ትንሽ ጥቅል፣ እና ሁለት ትርፍ ካሬ። አንድ ቀን አንዱ ካሬ ሲቀደድ ዙሪያውን ያለውን የመገጣጠሚያ ክር ብቻ ቆርጦ ያወጣዋል። ጎረቤቶቹን እንዳይነካ በደነዝ መርፌ ክሩን አንድ በአንድ እያነሳ ይቁረጥ። ከዚያ ትርፉን ካሬ በዚያው በ19ኙ ስፌት ይሰፋዋል።